3 ነው ወይስ 8?

አሁን ገና ቢሮ መግባቴ ነው። ጫማዬ ውኃ ይዟል፣ ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ ደሜ ፈልቷል። ስለ ቢሯችን ፕሪንተር ዛሬ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለጨረታ የምናስገባውን የዋጋ ዝርዝር ስሠራ ነው ያመሸሁት። ጥቁር በነጭ ነው፣ ሌላ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ጠዋት ፕሪንት ስለው ቢጫ አልቋል አለኝ። ቢጫ! ማን ቢጫ ጠየቀህ? ጥቁሩ ሙሉ ሆኖ እንኳ አንዷ ቀለም ከጎደለች አንዲት ገጽ አያወጣም። ከጎረቤት ቢሮ ጭላጭ ቢጫ ለምኜ በመርፌ ሞላሁለት። ከብዙ ልመና በኋላ ተነሣ።

ከዚያ ዝናቡ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። ከኛው ከጅማ መርካቶ በባጃጅ ስወጣ የጎኑ ላስቲክ ተቀዷል፣ ፖስታውን በነጠላዬ ስር ሸሸግኩት። ደረስኩ ብዬ ተመስገን ስል ውኃው ለካ ቀድሞኝ ገብቷል።

ጨረታው ሲከፈት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰውዬው የኛን ፖስታ ቀደደ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረው። አቀረበው፣ አራቀው።

«እህቴ፣ ይሄ 3 ነው ወይስ 8?»

«3 ነው።»

«እኔ 8 ነው የሚታየኝ።» ለጎኑ ሰው አሳየው። እሱ ደግሞ «6 አይደል እንዴ?» አይለኝም!

ቀለሙ ተንዘርፍፎ ቁጥሩ እንደ ኩል ወርዷል። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም» አለና ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፈው። እሺ፣ ይሁን። ከኋላ የተቀመጠው ተወዳዳሪ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጽሕፈት ዕቃ አቅራቢ ሆናችሁ የራሳችሁ ቀለም ይለቃል?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኛ ወረቀት ለቀቀ።

ለምን እንደለቀቀም አውቃለሁ። የኢንክጄት፣ እንደኛው ማሽን ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር፣ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው። ዳይ የሚባለው ውኃ ውስጥ የሟሟ ነው፣ ጠብታ ሲነካው ይሄዳል። ፒግመንት የሚባለው ግን ደቃቅ ብናኝ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃን ይችላል። ማሽኑ ሲገዛ ጥቁሩ ፒግመንት ነበር። ኦሪጅናሉ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው ተባለና አለቃዬ ጋሼ ርካሹን ጠርሙስ አስገዙ። ዳይ ነው። «ቀለም ቀለም ነው» አሉኝ። ይኸው!

ጋሼን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ይሄ ማሽን ቁጠባ አይወድም። «ቆጥበሽ አትሚ» ይሉኛል። ሳይታተምበት ሲከርም ከፀጉር የቀጠኑት ቀዳዳዎቹ ላይ ቀለሙ ይደርቃል። የፋሲካ ሰሞን ዘግተን ስንመለስ ደብዳቤው ሁሉ እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር ሆኖ ወጣ። ቀዳዳዎቹን እንዲያጸዳ ክሊኒንግ ስታዝዙት ደግሞ ያንኑ ውድ ቀለም ሆዱ ውስጥ ወዳለው ስፖንጅ ይደፋዋል። ስፖንጁ ሞላ ብሎ ያሰበ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልሠራም ይላል፣ ሪሴት የሚያደርግ ልጅ ፍለጋ ትዞራላችሁ። ማታ ማታ ደግሞ «መብራት እንዳይበላ» ተብሎ ከማከፋፈያው ይነቀላል። በራሱ ቁልፍ ቢጠፋ እኮ ሄዱን፣ ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ወደ ቦታው መልሶ ይከድነዋል! በመሃል ሲቋረጥ ክፍቱን ያድራል፣ ይደርቃል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ? ማከፋፈያው ላይ ወረቀት ለጥፌ ነበር፣ እሱንም አንሥተውታል።

እውነቱን ልናገር፣ ጥሩነትም አለው። መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል በምትሰጠን ትንሿ ኢንቨርተር ይሠራል። ሌዘር የሚባለው ፕሪንተር ግን በፈሳሽ ቀለም ፋንታ የቶነር ዱቄት ወረቀት ላይ የሚያቀልጠው በኃይለኛ ሙቀት ነው፣ ኢንቨርተሯ ላይ ቢሰካ ትጮህና ትጠፋለች። ባለ ቀለም ካታሎግና ፎቶ ላይም ኢንክጄቱ ያምራል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለ ቀለም ግራፍ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ሲገዛም ብዙ ጊዜ ከሌዘሩ ይረክሳል። ግን በሌዘር የታተመ ቁጥር በዝናብ አይሟሟም። ለጨረታ ሰነድ የሚያስፈልገኝ እሱ ብቻ ነበር! ታች ኮፒ ቤት ወርጄ በሌዘር ባሳትም ኖሮ የጥቂት ገጽ ሂሳብ ነበር። «ቤት ማሽን እያለ ውጭ ለምን?» እንዳልባል ፈርቼ ተውኩት።

የሚያንገበግበኝ ጨረታው ብቻ አይደለም። ዋጋችን ጥሩ ነበር። ከተነበቡት ሁሉ ዝቅ ያለ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቁጥር ናት የጣለችን።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ፖስታውን በፌስታል አትጠቀልዪውም ነበር?» አሉኝ። ምንም አልመለስኩም። ደክሞኛል።

ሰኞ ሌላ ጨረታ አለ። ቢጫው አሁንም አልተገዛም።