የፒኤች ልዩነቱ ትንሹ ድርሻ ነው
አንድ ጽሑፍ ስለ ሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ሲያወራ «ሚቶኮንድሪያ ኤቲፒ (የሴሉን የኃይል ሞለኪውል) የሚሠራው ከሽፋኑ ውጪ ያለው ፈሳሽ አሲዳማ ስለሆነ ነው» ማለቱ ከግማሽ እውነትም ያንሳል። በሚቶኮንድሪያ ፕሮቶኖችን (የሃይድሮጅን አዮኖችን) ወደ ውስጥ መልሶ የሚገፋው ዋናው ጉልበት ኤሌክትሪኩ ነው፤ በውስጠኛው ሽፋን ግራና ቀኝ ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት ገደማ ይደርሳል፣ የፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ልዩነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በታች ነው። ሙሉ 1 ፒኤች እንኳ በሰውነት ሙቀት ወደ 61 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚተመነው፣ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ጸሐፊው ከክሎሮፕላስት (የተክል ሴል ብርሃንን ወደ ኃይል የሚለውጥበት ክፍል) ጋር ሳያምታታው አልቀረም፤ በክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው የታይላኮይድ ሽፋን ማግኒዥየምና ክሎራይድ ስለሚያሳልፍ እዚያ ቮልቴጁ ይዳከምና በአብዛኛው የሚቀረው ፒኤቹ ነው። አንተ ደግሞ «ኦሊጎማይሲን ስጨምር ቲኤምአርኤም ይበልጥ ደመቀ፣ ኬሚካሉ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አልተበላሸም። ቲኤምአርኤም ቮልቴጁ ከፍ ሲል ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ይበልጥ የሚከማች የሚያበራ ቀለም ነው። ኦሊጎማይሲን ፕሮቶኖቹ በኤቲፒ ሲንቴዝ (ኤቲፒ የሚሠራው ኢንዛይም) በኩል የሚመለሱበትን በር ይዘጋል፣ ፕሮቶን ወደ ውጪ የሚገፉት ፓምፖች ግን መግፋታቸውን ወዲያው አያቆሙም፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ኤፍሲሲፒ (ፕሮቶን በሽፋኑ እንዲያልፍ አድርጎ ቮልቴጁን የሚያጠፋ ኬሚካል) ጨምረህ ድምቀቱ ካልወረደ ያኔ ተጠራጠር። የቀለሙ መጠን ግን 20 ናኖሞላር አካባቢ ይሁን፤ በጣም ከበዛ ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ተጨናንቆ እርስ በርሱ ስለሚደባበዝ ንባቡ ይገለበጥብሃል፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ ድምቀቱ ለጊዜው ይጨምራል። ደግሞ ሴሎቹን ቀለም ከሞላሃቸው በኋላ አጥበህ በንጹህ ፈሳሽ አትተዋቸው (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ሲወጣ ቮልቴጁ የወረደ ይመስልሃል። ሙሉውን ጊዜ ያው 20 ናኖሞላር ፈሳሹ ውስጥ ይቆይ።