ማሰራጫውን ከመቀየር በፊት

በዋሽንግተን አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጡ አንድ የማውቃቸው ሰው፣ ለደንበኞቻቸው የቅናሽ ማስታወቂያ የሚልኩበትን የኢሜይል ማሰራጫ ድርጅት ሊቀይሩ ተነሥተዋል። አሮጌው የሚያስከፍለው በተመዘገበ አድራሻ ብዛት ሲሆን አዲሱ በተላከ መልእክት ልክ ነው። ይህን ባነሡበት ማዕድ ላይ አንዲት የማስታወቂያ ባለሙያና አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ክርክር ሆነ።

ሰውየው ሥራውን የአንድ ከሰዓት ጉዳይ አድርገው ነበር ያቀረቡት፦ አድራሻዎቹን ከአሮጌው ማውረድ፣ በአዲሱ ላይ መጫን፣ የአሮጌውን ሒሳብ መዝጋት፣ ከዚያም የገናን ማስታወቂያ መልቀቅ። ጂሜይልና ያሁ በላኪዎች ላይ ስላወጡት ግዴታ ሲጠየቁ፣ «እሱ የድርጅቱ ሥራ ነው፤ ታዲያ የምከፍላቸው ለምንድን ነው?» አሉ።

የኔትወርክ ባለሙያው፣ «ጋሼ፣ ድርጅቱ መኪናውን ያከራይዎታል እንጂ ታርጋው የእርስዎ ነው» አላቸው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሁለቱ ኩባንያዎች በብዛት ከሚልኩ ሰዎች ኤስፒኤፍንና ዲኪምን አንድ ላይ፣ በዚያም ላይ ዲማርክን ይጠይቃሉ። ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜይን (ከኢሜይል አድራሻው @ በኋላ ባለው ስም) እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር መዝገብ ነው፤ ዲኪም በመልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ዲማርክ ደግሞ መልእክቱ ማረጋገጫውን ካላለፈ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ነው። ተቀባዩ በላኪነት የሚያየው ዶሜይንም ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ ከአንዱ ጋር መግጠም አለበት። ማይክሮሶፍትም በሜይ 2025 ለአውትሉክና ለሆትሜይል አድራሻዎች ተመሳሳይ ግዴታ አውጥቷል። እነዚህ መዝገቦች የሚጻፉት በሰውየው ዶሜይን ዲኤንኤስ (ሌሎች ሰርቨሮች ስለ ዶሜይኑ በሚያነቡት ይፋዊ መዝገብ) ውስጥ ስለሆነ ድርጅቱ መመሪያ ይሰጣል እንጂ ገብቶ አይጽፍላቸውም።

ጂሜይል በብዛት ላኪ የሚለው በቀን ወደ 5,000 መልእክት የሚልክለትን ነውና፣ ሰውየው «እኔ በቀን 5,000 ለጂሜይል አልክም» ሲሉ ሞገቱ። ባለሙያው ግን ጂሜይል የሚቆጥረው ከዋናው ዶሜይንና ከንዑሶቹ የሚወጣውን ሁሉ ደምሮ እንደሆነ፣ የትኬት ማረጋገጫዎቹም እንደሚገቡበት፣ አንድ ጊዜ ቁጥሩን የነካ ዶሜይን ደግሞ በኋላ ቢቀንስም ከብዙ ላኪዎች ተርታ እንደማይወጣ ነገራቸው።

የማስታወቂያ ባለሙያዋ በዚህ አልተደነቀችም። መዝገቡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ እሷም ለሌላ ደንበኛ በነባሩ የኤስፒኤፍ መስመር ሥር ለአዲሱ ድርጅት ሁለተኛ መስመር ጨምራ መጨረሷን ተናገረች። እሱ ፈገግ አለ። በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ከተገኘ ተቀባዩ ሰርቨር ስሕተት ብሎ ሁለቱንም ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር መዋሐድ አለባቸው። ከዚህም በላይ ኤስፒኤፍ የሚመረምረው ተቀባዩ የሚያየውን የላኪ ስም ሳይሆን ያልደረሰ መልእክት የሚመለስበትን አድራሻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የማሰራጫው ስለሆነ፣ ሰውየውን የሚያድናቸው በራሳቸው ዶሜይን የሚፈረም ዲኪም ነው። የዲኪም ቁልፎች መለያ ስማቸው የተለያየ እስከሆነ ድረስ የአሮጌውና የአዲሱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱን ለመትከል ሌላውን መንቀል አያስፈልግም።

እሷ ይህን ተቀብላ ወደ ራሷ ጉዳይ ዞረች፤ የወረደውን ፋይል እንዲያሳዩዋትም ጠየቀች። ሰውየው ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። በሰንጠረዡ ላይ ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ብቻ ይታያል። «አድራሻው ይምጣልኝ አይምጣብኝ ያለውን የሚለየው ዓምድ የት ሄደ?» ብትላቸው፣ «የማይረባ ነገር ሞልቶበት አጠፋሁት» አሉ። አያይዘውም ማስታወቂያ ይቅርብኝ ያለ ሰው ርካሽ የአዲስ አበባ ትኬት ሲያይ ሐሳቡን ሊቀይር ስለሚችል አንድ ጊዜ መሞከር ምን ክፋት አለው ሲሉ ጠየቁ። ከልባቸው ነበር የሚጠይቁት፤ ነጋዴ ሁሉ የሚያስበውን ነው የተናገሩት።

እሷ ግን አልሳሳችላቸውም። የተሰናበተ ሰው እንደገና ማስታወቂያ ሲደርሰው የሚጫነው የስፓምን ቁልፍ ነው። ጂሜይል የሚፈልገው ይህ አቤቱታ ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆንና 0.3 በመቶ ፈጽሞ እንዳይደርስ ነው፤ ከ1,000 መልእክት ሦስት ቅር የተሰኙ ሰዎች ማለት ነው። የአሮጌውን ሒሳብ ወዲያው መዝጋትንም ተቃወመች፤ ቀድሞ በተላኩት መልእክቶች ውስጥ ያለው የመሰናበቻ ሊንክ በአሮጌው ድርጅት በኩል ስለሚሠራ፣ የአሜሪካ ሕግም መልእክቱ ከተላከ በኋላ ቢያንስ ለ30 ቀን እንዲሠራ ያስገድዳልና።

በመጨረሻ የተጋጩት በጊዜው ላይ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው በቅርቡ መልእክት ከከፈቱ ደንበኞች በጥቂቱ ተጀምሮ በየሳምንቱ እየጨመረ ይሂድ ሲል፣ ሰውየው የገና ገበያ እንደማይጠብቃቸው ተናገሩ፤ ሁለቱም ሳይስማሙ ቀሩ።

እኔ ለሴትዮዋ አደላለሁ። የዲኤንኤስ ስሕተት ቢፈጠር ወደ ራስ አድራሻ የሙከራ መልእክት ልኮ በጂሜይል ዋናውን ጽሑፍ በማሳያው ትእዛዝ ቢከፍቱት፣ ሦስቱ ማረጋገጫዎች ማለፍ አለማለፋቸው ከላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በማግሥቱም ይታረማል። በተሰናበቱ ሰዎች አቤቱታ የተበላሸ የዶሜይን ስም ግን በአንድ መዝገብ አይስተካከልም፤ የተሸጠ ትኬት ማረጋገጫም አብሮት ወደ ስፓም ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ፋይሉን እንደገና አውርደው የተሰናበቱትንና ተልኮላቸው የተመለሰባቸውን አድራሻዎች ከማንም አስቀድመው በአዲሱ ድርጅት የእገዳ ዝርዝር ላይ ይጫኑ። የገናን ማስታወቂያ በአሮጌው ይላኩ፤ ዝውውሩን ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት፣ ከጥምቀት በኋላ ይጀምሩት። ድርብ ክፍያው ያናድዳል፤ ቢሆንም ከአዲሱ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ የመጀመሪያውን ወር በነፃ እንዲሰጧቸው መጠየቅ ይችላሉ።