ቅርንጫፉን ልቀቁልን!

ዛሬ ካልተናገርኩ ያመኛል። ቅዳሜ ዕለት ጓደኞቼንና የጓደኞቼን ጓደኞች ይዤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ይቻላል። ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ ስታዩ ታች ሐይቁ፣ ዳር ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ማዶ የአምባሰል ተራሮች፣ ከዚያ ጓሮ ለጓሮ ቡናው፣ ሙዙ፣ ጌሾው። "ወሎ ደግሞ ምን ቡና አለ?" ለሚሉኝ ሰዎች ላሳይ ብዬ ነበር።

አክስቴ ቤት ገባን። "ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!" አለች። እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተቆላ። እነሱ ግን ስልካቸውን ይዘው ቀጥታ ጓሮ። አንዷ ለፎቶ ብላ ቅርንጫፉን ወደ ፊቷ ስትጎትተው ተገነጠለ። ሌላው ገና ያልቀላውን ፍሬ እፍኝ ሙሉ ለቅሞ ቪዲዮ ቀረጸና መሬት ላይ በተነው። በተነው! አክስቴ ቆማ እያየች።

ቡና እኮ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ 3 እና 4 ዓመት ይፈጃል። ለ1 ኪሎ ጥሬ ቡና ከ5 ኪሎ በላይ እሸት ይለቀማል። ቅርንጫፍ ሲገነጠል ደግሞ የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን ከርሞ ሊያፈራ የነበረውም አብሮ ይሄዳል። አክስቴ ያላት ጥቂት እግር ቡና ነው። ከሱ ላይ ለቤቷ ታስቀራለች፣ የተረፈውን ገበያ አውጥታ ዘይትና የልጆች ደብተር ትገዛበታለች።

ለምን አልተቆጣችም ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ቤት የገባ እንግዳን ተው ማለት ይከብዳል። "አብሽሩ፣ ምንም አይደል" አለቻቸው። ፊቷን ግን እኔ አየሁት፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሰው ዝም ስላለ ተፈቀደ ማለት ነው እንዴ?

ይባስ ብሎ አቦሉን እንደጠጡ ተነሱ፣ ጀልባ እንዳያመልጠን ብለው። ቶናው ጀበና ውስጥ እየፈላ፣ በረካው ሳይወርድ፣ ዱዓው ሳይደረግ! ምነው በሞቴ፣ ቡና ልታዩ አልነበረም የመጣችሁት? የቆላችው ቆሎ እንኳ እንደቀረበ ቀረ። እኔ በሀፍረት ብቻዬን ተቀምጬ ጨረስኩት።

አሁን ደግሞ "በሚመጣው ቅዳሜ እኛንም ውሰደን" የሚል መልእክት ደርሶኛል። እወስዳለሁ። ፎቶውንም ተነሱ፣ ግን እጃችሁን ሰብስባችሁ። እሸት መቅመስ ያማረው አክስቴን ይጠይቃት፣ የቀላ ካለ ራሷ መርጣ ታቀምሰዋለች። በረካ እስኪጠጣ መቀመጥ የማይችል ግን ከወዲሁ ይንገረኝ፣ እሱን ደሴ ትቼው እሄዳለሁ።