ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ቢጫ ሪባን

ለክቡር ቢጫ ሪባን
በፓርኩ መግቢያ፣ ከግራው ምሰሶ እስከ ቀኙ ምሰሶ

ጉዳዩ፦ አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ መገተርዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ደብዳቤ የሚገባው ለአውሎ ነፋሱ ነበር። ግን እሱ አድራሻ የለውም። ሌሊቱን ሲያጓራ፣ ዛፍ ሲገነድስ አድሮ ንጋት ላይ ሹልክ ብሎ ሄደ። እርስዎ ግን አድራሻ አለዎት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። ዳውላው እርስዎ ነዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ነፋሱ ካለፈ አራተኛው ቀን ነበር። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ መስሏል። ወፎች ይንጫጫሉ። ቤት ታጉሬ ስለከረምኩ ጫማዬን ጠበቅ አድርጌ አስሬ በጠዋት ገሰገስኩ። በሩ ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እርስዎ! «መንገዱ ለደህንነትዎ ሲባል ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ደረትዎ ላይ ለጥፈው ይርገበገባሉ።

ለደህንነቴ! እናቴ እንኳ እንዲህ አትጨነቅልኝም። ለመሆኑ ነፋሱ ሲመጣ የት ነበሩ? ያኔ ተገትረው «ማለፍ ክልክል ነው» ቢሉት ምን ነበረበት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ደግሞስ ምንዎን ተማምነው ነው? ውፍረትዎ ከፌስታል አይበልጥም። የስድስት ዓመት ልጅ በጥርሱ ይበጥስዎታል። ዘበኛ የለዎት፣ ቁልፍ የለዎት። ያለዎት ቀለም ብቻ ነው። ሰው ግን ያፍርዎታል፤ ይህንን አልክድም። አንዱ በርዎ ላይ ይደርስና ግራ ቀኙን ያያል። ሰው ካለ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዎትና ይመለሳል። ሰው ከሌለ ጎንበስ ይላል።

አንድ የማውቀው ሰው ጎንበስ አለ። (እኔ አይደለሁም። የጫማ ቁጥራችን አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው።)

ይህ ወዳጄ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች እንደ ንጉሥ ነው የተራመደው። መንገዱ የሱ ብቻ ነው። «ታዲያ ምን አለ? ምንም የለም!» ይላል ለራሱ። ከዚያ የመጀመሪያው የወደቀ ግንድ መጣ። ተሻገረው። ሁለተኛውን በሥሩ ሾለከ። ሦስተኛው ቅርንጫፉን እንደ አጥር ዘርግቶ ስለተኛ፣ ዞሮ ለማለፍ ወደ ግራ ወጣ። ከሱ በፊት የዞረ ሰው ዱካ አየ። ዱካ ካለማ መንገድ አለ ብሎ ተከተለው። ዱካው ረግረጉ መሃል ላይ አለቀ። ባለዱካው የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ጭቃው የወዳጄን ቀኝ እግር እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ሲታገል ሲታገል እግሩ ወጣ፤ ጫማው ቀረ።

በአንድ ካልሲ ቆሞ ዕድሉን ሲረግም ከኋላው «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ነፋስ የለም። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ዞር ሲል፣ ቅድም በሾለከበት ቦታ ላይ የሰው ወገብ የሚያህል ቅርንጫፍ ወርዶ ተጋድሟል።

ድምፁን የሰሙ ሁለት ሠራተኞች የሞተር መጋዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሸምገል ያለው ወደ እግሩ አየና «ሌላኛው ጫማህስ?» ብቻ አለው። ከዚያ በጣቱ ወደ ላይ አሳየው። ወዳጄ ቀና ብሎ ያየው ያኔ ገና ነው። እስከዚያ ሲያይ የነበረው ጭቃውን ብቻ ነበር። ከአናቱ በላይ የተሰበሩ ቅርንጫፎች ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። እንጨት ቆራጮች እንዲህ ያለውን በእንግሊዝኛ «ዊዶው ሜከር» ይሉታል። ሚስትን መበለት የሚያደርግ ማለት ነው። መቼ እንደሚወርድ ለማንም አይናገርም።

የቆመውም ዛፍ ቢሆን የሚታመን አይደለም አለው ሰውዬው። ከባድ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ሥሩ የሚይዘው ያጣል። ነፋሱ ከመሬት በታች ግማሹን ሥር በጥሶት፣ ዛፉ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ኮራ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በሳምንቱ ቀለል ያለ ነፋስ ሽው ሲል ዘፍ ይላል። ትንሿ የእግረኛ ድልድይም ከላይ ስትታይ ደህና ናት። ከታች ጎርፉ የቆመችበትን አፈር በልቶታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በሌላ ዛፍ ክብደት ተጎብጦ እንደ ቀስት የተወጠረ ግንድ ነው። ያለቦታው ከቆረጡት ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ባለመጋዞቹ እንኳ ዙሪያውን ሳያጠኑ አይነኩትም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል አይደል? ሐሰት ነው። ስንቱ ዛፍ ወድቆ ምሳሩ ሁለት ብቻ ነበር።

ወዳጄን መሃላቸው አድርገው ወደ በሩ መለሱት። እንደ ዳክዬ እያነከሰ ሲመጣ፣ የሱን ዱካ ተከትለው የገቡ ሦስት ሰዎች አጋጠሙት። አንዷ ፈገግ ብላ «ተከፈተ እንዴ?» አለችው። ሰውየው በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ በሁለት ባለመጋዝ ታጅቦ እየወጣ ነው። እሷ ግን ተከፈተ እንዴ ትላለች!

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ እያወቁ «ለደህንነትዎ ሲባል» ብለው ማለፍዎ ምን ይሉታል? «ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለ፣ አናትህ ላይ ይወርዳል» ብለው ቢጽፉ ማን ጎንበስ ይል ነበር? ቀንም የለዎትም። «ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ» ብሎ ነገር! ዘመድዎንም ይምከሩልኝ። ካለፈው ዝናብ ጀምሮ ታችኛው በር ላይ የታሰረው ሪባን ዛሬም አለ። ቀለሙ ነጥቷል፣ መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል፣ እሱ ግን ጡረታ አልወጣም። በሱ ሥር ስንመላለስ ከርመን እርስዎን ስናገኝ ለምን እንመን?

በማስረጃ ልረታዎት ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። (ወዳጄ ቤት ማለቴ ነው።) እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1987 ደቡብ እንግሊዝን የመታው አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ ጥሏል። እዚያ «ሰቨንኦክስ» የምትባል ከተማ አለች፤ ሰባቱ ኦክ ዛፎች ማለት ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ወደቁ። ስሟን አልቀየረችም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ «ሄለን» የተባለችው አውሎ ነፋስ አሜሪካ ውስጥ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባለውን የተራራ ላይ መንገድ 755 ኪሎ ሜትር ከዳር እስከ ዳር አዘጋች። የዘመድዎን ብዛት ሳስበው አዞረኝ።

ልቤ የተንጠለጠለው ግን ለንደን፣ ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ባለ አንድ አሮጌ ኦክ ላይ ነው። ያ የ1987ቱ ነፋስ ከነሥሩ ብድግ አድርጎ መልሶ እዚያው አስቀመጠው። አይተርፍም ተባለ። ሌላ ሥራ በዝቶ ስለነበር ደግፈው ተዉት። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱበት ከድሮውም በላይ ለምልሞ ጠበቃቸው።

«ያዝኳችሁ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። አውሎ ነፋስ ለዛፍ ጥሩ ነው፣ ሪባን ምን ያደርጋል? ልረታዎት አንድ አንቀጽ ነበር የቀረኝ። እሱን ባላነበው ይሻል ነበር። ለካ ዛፉ ከነፋሱ በፊት ሲጫጫ የኖረው ጎብኚ ለዘመናት በእግሩ እየረገጠ አፈሩን ስለጠቀጠቀበት ነው። ነፋሱ አፈሩን አላልቶ ሥሩን አስተነፈሰው። ከእኛ እግር አውሎ ነፋስ ተሻለው ማለት ነው። ይህን ማስረጃ ከፋይሉ አውጥቼዋለሁ።

በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ጉዳይ። ሠራተኞቹ ረግረጉ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እግር ጫማ ካገኙ እባክዎ ከምሰሶው ላይ ያንጠልጥሉልን። ቁጥሩ 42 ነው። ወዳጄ ግራውን ይዞ ይመጣል። አይገባም፤ ከእርስዎ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል።

ከሠላምታ ጋር
ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ጎብኚ

ግልባጭ፦
ለአውሎ ነፋሱ፣ ባለበት
ታችኛው በር ላይ ለሚገኙት የነጡ ዘመድዎ
ለቀኝ ጫማዬ፣ ከጭቃው ሥር