ማስተርሱ ያላየው ክፍል

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ የማስተርስ ማሟያ ጥናቱን ርዕስ «እስቲ እየው» ብሎ በቴሌግራም ላከልኝ። አገር ቤት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን እንግሊዝኛ አስተምረናል። እኔ አሁን ዋሺንግተን አካባቢ ከውጭ አገር ለሚመጡ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ በዚሁ ሙያ እማራለሁ። እሱ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባ ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። ርዕሱ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራን ስለ ኮሙኒኬቲቭ የማስተማር ዘዴ (ልጆች ቋንቋውን እየተነጋገሩበት የሚማሩበት ዘዴ) ያላቸውን አመለካከትና አተገባበር የሚመለከት ነው። ይህን ርዕስ የማያውቅ የሙያ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። የትምህርት ቤቱ ስም ይቀየራል፣ 9ኛው 10ኛ ይሆናል፣ ንግግር የነበረው ጽሕፈት ይሆናል። መጠይቁ ግን ያው ነው፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» ጀምሮ «በጣም አልስማማም» ላይ ያበቃል።

«ለምን የራስህን ክፍል አትጽፍም?» አልኩት።

«አቅርቤ ነበር። አማካሪዬ ‹አንድ ክፍል ሪሰርች አይሆንም፣ ጀነራላይዝ አይደረግም፣ ለሌላው ክፍል አይሠራም› አሉኝ፤ ተውኩት» አለኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ይህ ሰው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያስተማርነው። ከሰባ በላይ ተማሪ፣ ለሦስት ልጅ አንድ መጽሐፍ። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ልጆቹ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማሩት ነበር፤ 9ኛ ሲገቡ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸው ነበር። እሱ ታዲያ ከባዮሎጂ መጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ ያወጣና በቡድን በቡድን ያስነብባቸዋል። ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ይከራከሩበታል፣ ይሳሳቁበታል፣ ይጣሉበታል። ከዚያ በኋላ ነው «አሁን በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ» የሚላቸው። ዓመቱን ሙሉ አፏን ያልከፈተች የኋላ ወንበር ልጅ ተነሥታ የጻፈችውን ስታነብ በዓይኔ አይቻለሁ። ሱፐርቫይዘር የመጣ ዕለት ግን አማርኛው ይቆማል። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የሰማ ገምጋሚ ነጥብ ይቀንሳላ!

እዚህ የማታ ትምህርቴ ላይ ሳምንታት የፈጀንበት አንድ ርዕስ ቢኖር ይኸው የጓደኛዬ ሥራ ነው። ትራንስላንጉዌጂንግ ይሉታል። ሐሳቡ መጀመሪያ የተነሣው ዌልስ ውስጥ ነው፤ በኋላ በኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኦፌሊያ ጋርሲያ አስፋፍተው ለዓለም አስተዋወቁት። ፍሬ ነገሩ፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ያስብ፣ አዲሱም ቋንቋ በዚያ ላይ ይገንባ ነው። አሜሪካውያኑ የክፍል ጓደኞቼ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ምሳሌው ሁሉ ከኒውዮርክና ከዌልስ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከሰማንያ በላይ ቋንቋ ያላት አገር መምህር ከተቆጣጣሪ ተደብቆ የሚሠራውን እያሰብኩ እቃጠላለሁ። ያንን ክፍል በወረቀት ላይ ማስፈር የሚችል ሰው እሱ ነበር። «ጻፈውና ይታይ» የሚለው አጣ።

እዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራችን የራሳችንን ክፍል አሥር ደቂቃ ቀድተን እያንዳንዷን ቃል፣ ዝምታውን ሳይቀር፣ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሜሪላንድ መምህር ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያየው ደነገጠ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል ወይ ራሱ ይመልሳል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ በ1970ዎቹ ለክተው ጽፈውታል፤ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚጠብቁት፣ ሦስት ሰከንድ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ይበስላል። የሜሪላንዱ መምህር ይህን ያነበበው የራሱን ክፍል ካየ በኋላ ስለሆነ ገባው። በኋላ ክፍሉ ገብቼ ሳየው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ይጠብቃል። ከሆንዱራስ የመጣ አንድ ልጅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ሲተወው፣ እንደገና ሲጀምር ቆይቶ በመጨረሻ ተናገረ።

ይህንኑ መምህር በመጠይቅ «ለተማሪዎችዎ በቂ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ?» ብንለው «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ከልቡም አምኖበት። የእኛ አገር ጥናት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ስለ ራሱ የሚያስበው ይሰበሰባል፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ አማካይ ይወጣለታል፣ ይጠረዛል። ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተባለ ግን ማንም አልሰማም።

ፕላዝማን፣ ያንን በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት፣ አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ጥግ ይዞ ቆመ። ስክሪኑ ጠይቆ፣ ልጆቹ ጥያቄውን እንኳ ሳይረዱት፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ያንን በየዕለቱ ከልጆቹ ጋር ያየ መምህር በየትምህርት ቤቱ ሞልቶ ነበር። እነሱም ስለ ፕላዝማ ያላቸው «አመለካከት» ተጠየቁ።

የሚያሳዝነኝ ሐሳቡ አገር ውስጥ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው መምህር ሁሉ ተግባራዊ ምርምር ሥራ ይባላል፤ የራስህን ክፍል ችግር ለይ፣ ሞክር፣ ጻፍ። ከመሪ መምህርነት ለመድረስም ይቆጠራል። ታዲያ ትምህርት ቤት ሲሆን የሚታዘዝበት ነገር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንዴት «ሪሰርች አይሆንም» ይባላል?

ይህን ሳነሣ ከአገር ቤት የሚመጣልኝ መልስ «የክረምት ትምህርት ነው እኮ፣ ጊዜው አጭር ነው» የሚል ነው። ጊዜው አጭር መሆኑ እውነት ነው። አሥር ሆኖ አንድ ዶርም፣ ዝናቡ፣ ሞጁል ለማባዛት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፍ፤ ሁሉንም ኖሬበታለሁ። ግን እዚህም ክረምት አለ። ቨርሞንት ውስጥ ሚድልበሪ ኮሌጅ ብሬድ ሎፍ በሚባል ተራራማ ቦታ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝኛ የክረምት ትምህርት ቤት አለው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልክ በእኛ ሐምሌ፣ ይገባሉ፤ አራት ወይም አምስት ክረምት ተመላልሰው በእንግሊዝኛ ማስተርስ ይይዛሉ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት መምህርት እዚያ ትማራለች። የምታነባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ገና ትምህርት ሳይዘጋ ስለምታውቅ ምሳ ሰዓት ላይ እያነበበች ነው የምትከርመው። እዚያ ስትደርስ ባለሙያ ተዋንያን ክፍል ድረስ ገብተው ከሚያነቡት ላይ ትዕይንቱን ይጫወቱላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ለምን እንዲህ ተባለ እያሉ ይከራከራሉ። መስከረም ላይ ያንኑ ይዛ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች።

እኔ የማውቃቸው የክረምት ማስተርስ ተማሪዎች፣ በጣም ጎበዝ የሆኑትም፣ ስለ ንባብ ማስተማር ሞጁል ሲማሩ ከርመው አንድ ሙሉ ልብ ወለድ አንብቡ ሳይባሉ ተመርቀዋል። ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ በ1973 እ.ኤ.አ. ሃይነማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በሚያወጣው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ታትሟል፤ ደራሲው እዚያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም በዚሁ ተከታታይ አለ። የእነዚህን ሰዎች ገጽ ገልጦ የማያውቅ የእንግሊዝኛ ማስተርስ ያለው ኢትዮጵያዊ መምህር መኖር አልነበረበትም። ልጆቹ ምን ያንብቡ ብሎ የሚመርጠው እሱ ነውና።

እዚህ ሁሉ ገነት ነው አላልኩም። ማስተርሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ ዕዳውን ዓመታት የሚከፍሉ መምህራን አውቃለሁ። አገር ቤት መንግሥት ልኮ ያስተምራል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለደመወዝ ብሎ መማርም የእኛ ብቻ አይደለም፤ እዚህም ብዙ ቦታ ደመወዙ በአገልግሎት ዘመንና በተማሩት ክሬዲት ነው የሚወጣው። ሰዋስው ላይ ከሆነማ የእኛ መምህራን የሚያህል እዚህ አላየሁም።

ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እንግሊዝኛ ላይ አልጭንም። ቢሆንም ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ልጁ ጥያቄውን አንብቦ ይረዳ አይረዳ በቅርብ የሚያውቀው ደግሞ ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ነው። ያንን መምህር ክረምት ዩኒቨርሲቲ አስገብተን ስለሚያውቀው ነገር ሳንጠይቀው መላካችን ነው የማይዋጥልኝ።

ርዕስ የምታጸድቁ የዲፓርትመንት መምህራን፣ ብዙዎቻችሁ አስተማሪዎቼ ስለነበራችሁ በአክብሮት ነው የምናገረው። ከመጠይቁ ጎን፣ መምህሩ የራሱን ክፍል ቀድቶ፣ ገልብጦ፣ የሞከረውንና ያልተሳካለትን የሚጽፍበት ጥናት እንደ ማሟያ ይቆጠርለት። የሚነበቡት መጻሕፍት ስም ግንቦት ላይ በየትምህርት ቤቱ ይድረስ፤ ቅጂ ከጠፋ በውጭ ያለን መምህራን አዋጥተን እንልካለን፣ ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦችን አነጋግሬያለሁ። ለመቅረጫ ደግሞ መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል።