ፕሪንተሩ አልተበላሸም

ዝም ብዬ ልተኛ ነበር፣ አልቻልኩም። ከሰኞ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመውን ዛሬ ልተንፍሰው። የምሠራው ደሴ ነው። የመስሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ብጠራው የአንድ ቢሮ ችግር ብቻ ይመስላል። ከወልድያ እስከ ከሚሴ ያላችሁ ባልደረቦቼ ግን ስታነቡት የራሳችሁን ቢሮ ታገኙበታላችሁ።

ሰኞ ገበያ ነው። ገጠሬው ገበያውንም ጉዳዩንም ባንድ መንገድ ሊጨርስ ገና በጠዋቱ ይመጣል። ከኩታበር በላይ የመጡ አንድ አባት ከበሩ ቆመው ነበር፤ ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል፣ ወረቀታቸው ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ ነው። የሚፈልጉት የግማሽ ገጽ ማስረጃ ነው። የመሬት ጉዳይ፣ ዓርብ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለባቸው። ፋይላቸው ቶሎ ተገኘ፣ ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ኃላፊው አየው። ፕሪንት አልኩ። የለም።

ፕሪንተሩ ከኔ አራት እርምጃ ላይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። የኔ ኮምፒውተር ደግሞ «ኦፍላይን»፣ ማለትም አልተገናኘም፣ ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሪንተሩ በዩኤስቢ የተሰካው ዊንዶውስ 7 ከተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሌሎቻችን በእሱ በኩል ሼር ተደርጎልን ነው የምናትመው። በ2014ቱ ጦርነት ቢሮው ሲዘረፍ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር፣ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ተንጠላጥሎ ቀረ። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ከሞተች ቆይታለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤፍ 1 ተጫኑ» ብሎ ሰው ይጠብቃል። ያን ቁልፍ የሚጫን ሰው ካልመጣ ስድስት ኮምፒውተር ማተም አያውቅም። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፣ የመኪና ሪሞት ባትሪ ከሚሸጥበት ሱቅ አትጠፋም። ስንት ጊዜ ጠየቅን!

ሰኞ ኤፍ 1 ተጫንኩ፣ ተነሳ። የጓደኞቼ ኮምፒውተሮች አተሙ፣ የኔ ግን እምቢ አለ፤ ባለፈው ሳምንት የተሰጠኝ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ነው። ፕሪንተሩን ላገናኝ ስል በ11ቢ የሚያልቅ ረጅም የስህተት ቁጥር ያወጣል። ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «ሪስታርት አድርጊው» አለ። አደረግኩ። «እንደገና አድርጊው» አለ። አደረግኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ማንሳት ተወ።

ደብዳቤውን በፍላሽ ይዤ ፒያሳ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። ቅጹ ከድሮ ጀምሮ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ ፎንት፣ የተጻፈ ነው፣ እነሱ ጋ ደግሞ ፎንቱ የለም። ስክሪኑ ላይ የመጣው ፊደል ሳይሆን ኮማና ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና ቁጥር ነበር። ከጓደኞቼ ኮምፒውተር ማተም ወይም ከቢሮ ስወጣ ፒዲኤፍ ማድረግ ነበረብኝ፣ በድንጋጤ አላሰብኩትም። ስመለስ ማህተም የያዘችው ወጥታለች። አባባ ዘመድ ቤት አደሩ።

ማክሰኞ ባለሙያው መጣ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበትን) ከፈተ፣ አንዲት ነገር ጨምሮ ዜሮ አደረጋት፣ አጥፍቶ አበራው። ሠራ። ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት፣ «በቃ ሠራልሽ አይደል» ብሎኝ ወጣ። ማታ ቤቴ ሆኜ ያነበብኩትን ልንገራችሁ፣ ማንም አልነገረንምና። በፈረንጆቹ 2021 በዊንዶውስ የህትመት አገልግሎት ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳዎች ተገኙ፤ በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው ማሻሻያ በኔትወርክ የሚያትም ኮምፒውተር ጠንከር ባለ ማረጋገጫ እንዲገናኝ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ታድሶ ሌላው ሳይታደስ የቀረ ኮምፒውተር ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህ ቁጥር ነው። ባለሙያው ያደረገው ማረጋገጫውን ማጥፋት ነው። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው በጥር 2020 በፈረንጆቹ ነው፤ የስንት ሰው የመሬትና የልደት ማስረጃ የሚያልፍበትን፣ ጥገና የቆመበትን አሮጌ ቤት መቀርቀሪያ ፈትቶልን ሄደ ማለት ነው። ለማንም ሳይናገር!

ያም ቢሆን አንድ ሰዓት አልቆየም። መብራት ብልጭ ብሎ ሄደ፣ መጣ። ኤፍ 1። አሮጌው ሲነሳ አስራ አራት ወረቀት ተራው ላይ ተደርድሮ የመጀመሪያው ተጣብቋል፤ ቢሰርዙት «በመሰረዝ ላይ» ይላል እንጂ አይሰረዝም። የህትመት አገልግሎቱን አቁሞ፣ የተጠራቀመውን ከፎልደሩ አጥፍቶ መልሶ ማስነሳት ነበር መፍትሔው፣ ግን አሮጌው ላይ አድሚን የሆነው ሰው ስልጠና ላይ ነው፣ ፓስዎርዱን ሌላ ሰው አያውቀውም። አባባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አስር ሰዓት ሲሆን ተነሱ። «አብሽሪ ልጄ፣ አንች ምን ታደርጊ። በጎቼን ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁ፣ ልሂድ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ።

የዚያኑ ቀን ማታ «ፕሪንተሩ ስለተበላሸ አዲስ ይገዛልን» የሚል የግዢ ጥያቄ ተጽፎ ፊርማ ሊወጣበት ነው። በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ፕሪንተሩ አልተበላሸም! በጀት የለም እየተባለ የደህና ዕቃ ምትክ ይጠየቃል፣ አዲሱም መጥቶ እዚያው አሮጌ ላይ በዩኤስቢ ይሰካል፣ ሌላ አባት ደግሞ ዘመድ ቤት ያድራል።

ረቡዕ ጠዋት ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ፕሪንተሩን ከግድግዳው አነሳነው። ከጀርባው የኔትወርክ ቀዳዳ አለው፣ ከፋብሪካ የተለጠፈበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ስንት ዓመት ሙሉ! ኬብል ከስዊቹ (የቢሮው የኔትወርክ ኬብሎች ከሚገናኙበት ሳጥን) ስበን ሰካን፣ ከራሱ ከፕሪንተሩ የማስተካከያ ገጹን አሳተምን፤ በ192.168.1 የሚጀምር የኔትወርክ አድራሻ አግኝቷል። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ በቀጥታ አገናኘናቸው፣ የኔም አተመ። ደስታችን ግን እስከ ምሳ ነበር። መብራት ሄዶ መጣ፣ ሁሉም ኦፍላይን። ገጹን ደግመን አሳተምን፤ አድራሻው በ169.254 ይጀምራል። ይህ ቁጥር አድራሻ የሚያድለውን ራውተር ሳያገኝ ሲቀር ዕቃው ለራሱ የሚሰጠው ነው። መብራት ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሳል፣ ራውተሩ ግን ይዘገያል፤ ፕሪንተሩ ቀድሞ ነቅቶ ሲፈልግ ሲፈልግ ያጣና የራሱን ይይዛል። ስለዚህ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ የማይለወጥ አድራሻ በእጅ ሰጠነው፣ 192.168.1.200። በየኮምፒውተሩ ላይ የቲሲፒ አይፒ ፖርት (በኔትወርክ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ የሚወስድ መስመር) በዚያ አድራሻ ከፈትን፣ ፖርት 9100። ከዚያ ሆን ብለን ሁሉንም ነቅለን ሰካን። አተመ። ደግመን ነቀልን። አተመ።

ግዢ የለም። ሬጅስትሪ የለም። አሮጌውን መሐል ማስገባትም የለም። የፈጀብን ግማሽ ቀንና የአንድ ኬብል ዋጋ ነው። አድራሻውን፣ ቀኑንና ምን እንዳደረግን በወረቀት ጽፌ ፕሪንተሩ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ ጻፉ! የነካችሁትን፣ የቀየራችሁትን ሁሉ ጻፉና ለጥፉ። እናንተ ስትሄዱ የምንቀረው እኛ ነን፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» የምንለውም እኛ ነን። ኃላፊዎችም የግዢ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ተነሱና የዕቃውን ጀርባ እዩት።

የአባባን ደብዳቤ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አተምኩት። ማህተም አርፎበት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ስልክ የላቸውም። ዛሬ ከኩታበር መኪና በወረደ ሰው ሁሉ ስማቸውን እየጠራሁ ጠየቅኩ፣ የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደብዳቤውን ይዤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ።