ክርስቶስ ተነሥቷል፤ እንቁላልህን ያዝ!

ሮማኒያውያን ገናን ከፈረንጅ ጋር፣ ፋሲካን ከኛ ጋር ነው የሚያከብሩት። እ.ኤ.አ. በ1924 ቤተ ክርስቲያናቸው የቀን መቁጠሪያዋን ስታስተካክል ገናን ወደ ዲሴምበር 25 አመጣች፣ ፋሲካን ግን አልነካችም። ስለዚህ ሮማኒያዊው የክፍል ጓደኛዬ «ለፋሲካ እናቴ ጋ እንሂድ» ሲለኝ አላቅማማሁም። ቀኑ አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ረሃቡ አንድ። ምን ይለየናል ብዬ?

የሚለየን እንቁላል ነው። እኛ ዶሮ ወጥ ውስጥ እናስተኛዋለን። እነሱ ለጦርነት ያሰልፉታል።

ቤታቸው ማራሙሬሽ ነው፣ ሰሜን ዳር፣ የዩክሬን ድንበር ላይ። የእንጨት አገር። በሩ የተቀረጸ እንጨት፣ አጥሩ እንጨት፣ ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሾጣጣ ማማው ድረስ እንጨት። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ስምንቱን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 መዝግቧቸዋል። ይቺን የእንጨት ነገር ያዙልኝ።

የደረስነው ጸሎተ ሐሙስ ነው። እኛ ቤት ጉልባን የሚቀቀልበት ቀን። እዚያ የሚቀቀለው እንቁላል ነው፣ ያውም ቀይ ሆኖ። የጓደኛዬ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ታንቲ» የሚላቸው፣ ለቀለም የሚሆን የሽንኩርት ልጣጭ ከገና ጀምሮ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። እንቁላሉ ላይ ቅጠል ይለጥፉና በአሮጌ ስቶኪንግ ጥፍር አድርገው አስረው ይቀቅሉታል። ሲፈታ የቅጠሉ ቅርጽ እንቁላሉ ላይ ቀርቷል። ግን አይበላም። አርባ እንቁላል ፊት ለፊትህ ተደርድሮ እያየህ ሦስት ቀን ባቄላ ትበላለህ። ሱቁም አይረዳህም፤ ኬኩም፣ ማዮኔዙም፣ ቺዙ ሳይቀር «ደ ፖስት» ተብሎ ተጽፎበታል፣ የጾም ማለት ነው። የአዲስ አበባን የጾም ኬክ አስታወሰኝ። ሰው ለካ የትም ቢሆን ጾሙንም ኬኩንም አይለቅም።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠረጴዛ ይቆማል፣ ላዩ ላይ የጌታ ግንዘት የተሳለበት ጨርቅ አለ፣ ሕዝቡ በሥሩ እያጎነበሰ ያልፋል። ሦስቴ። እኛ ስንሰግድ የዋልን ሰዎች ይሄ ምን አላት አልኩ። ከፊቴ የነበሩት ወፍራም ሰውዬ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ መሃል ላይ ቆሙ፣ ጠረጴዛውም አብሯቸው ትንሽ ከፍ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፣ ስቅለት ነው፣ መሳቅ ክልክል ነው።

የቅዳሜው ሌሊት ደግሞ የእሳት ጉዳይ ነው። ብርሃኑ ከኢየሩሳሌም በአውሮፕላን ተጭኖ ቡካሬስት አጠገብ ኦቶፔኒ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፣ ከዚያ ለየሀገረ ስብከቱ ይከፋፈላል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይጠፋል፣ ቄሱ «ኑ ብርሃን ተቀበሉ» እያሉ ይወጣሉ፣ ሻማ ከሻማ ይቀጣጠላል፣ ግቢው በአንዴ ይበራል። ያምራል፣ እውነቴን ነው። ችግሩ ሻማህን ሳይጠፋ ቤት ማድረስ አለብህ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እሳት የኔ እጅ ላይ ሁለት መቶ ሜትር አልቆየም። ጥግ ይዤ በላይተር ለኮስኩት። ታንቲ በር ላይ ቆመው ሻማውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ጋዝ ጋዝ ይሸታል» አሉና ከራሳቸው ሻማ አቀጣጠሉልኝ።

እሑድ ጠዋት ፍልሚያው ተጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው። ታላቅ የሆነው ይመታል፣ ታናሹ ይይዛል። መቺው «ህሪስቶስ አ ኢንቪያት» ይላል፣ ያኛው «አዴቨራት አ ኢንቪያት» ይመልሳል፣ ክርስቶስ ተነሥቷል፣ በእውነት ተነሥቷል፣ ከዚያ ቋ! የማን ተሰነጠቀ? የተሰነጠቀበት ለአሸናፊው ያስረክባል። ያልተሰበረበት ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ደግሞ እንቁላል ያጋጩ ሰዎች በወዲያኛው ዓለም ይገናኛሉ የሚል እምነት አለ። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምታጋጭ አስብ፣ አከራይህም እጁን ሊዘረጋ ይችላል።

እኔ ከጓደኛዬ አጎት ጋር ገጠምኩ። ስድስት እንቁላል በስድስት ምት ተበላሁ። ሰውዬው አንዲት እንቁላል ከኮት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ ይመታሉ፣ መልሰው ኪሳቸው ይከታሉ። ልጆቹ «የጅግራ ነው! የጅግራ ነው!» ብለው ጮኹ፣ የጅግራ ቅርፊት ጠንካራ ነውና ያጭበረበሩ መስሏቸው። እኔም በትሕትና «እንቁላሎቼን መቼ ይመልሱልኛል?» አልኳቸው። «በፈረሶች ፋሲካ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ማታ ጓደኛዬን ቀኑ መቼ እንደሆነ ብጠይቀው ወንበር ላይ ተንፈራፍሮ ሳቀ። ለካ በነሱ አነጋገር መቼም አይሆንም ማለት ነው። እኛ በፋሲካ የተቀጠረች ገረድ ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል እንላለን፣ እነሱ ፈረስን ፋሲካ ያስጠብቃሉ።

ምግቡን ባጭሩ ልለፈው፣ ሳስበው ይከብደኛል። የበግ ሾርባ፣ የበግ ጥብስ፣ ቺዝ መሃሉ የተሞላ «ፓስካ» የሚሉት ዳቦ። «ድሮብ» ግን ወዳጄ ነው። የበግ ጉበት፣ ሳንባና ልብ ተከትፎ፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተለውሶ፣ በሞራ ተጠቅልሎ ምድጃ ይገባል። ዱለት ኮት ለብሶ በሉት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሐኪሙ ቀስ ብላችሁ ብሉ ይላል። እኛ አገርም ይላል። የሚሰማው የለም።

ሰኞ ወንዶቹ ሽቶ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። «እዚህ ቤት አበባ እንዳለ ሰምተን እንዳትደርቅ ልናጠጣት መጣን» ይሉና ያገኟትን ሴት ሁሉ ይረጫሉ። እኔም መዳፌ ላይ ጽፌ አነበብኩት። ለርጨቱ እንቁላልና ሆሪንካ ይሰጣል፣ ከካቲካላ የማያንስ የፕለም አረቄ። አራተኛው ቤት ላይ አበባዋን ስቼ ድመቷን አጠጣሁ። እስከ ቀትር ታንቲ የዘጠኝ ሰው ሽቶ ሸተቱ።

ማክሰኞ ከመሄዳችን በፊት ታንቲ የእንቁላሉን ቅርፊት ሰብስበው ወደ ወንዝ ወሰዱን። ብላጂን የሚባሉ የዋህ ሰዎች ከዓለም ዳር፣ ውሃው በሚያልቅበት ቦታ ይኖራሉ ይባላል። ፋሲካ መቼ እንደሆነ አያውቁም። ቀዩ ቅርፊት ተንሳፍፎ ሲደርሳቸው ያኔ ያከብራሉ፣ ከኛ ሳምንት ዘግይተው። ሁሉም የራሱን ቅርፊት ወረወረ።

«ያንተስ?» አሉ ታንቲ ወንድማቸውን።

«የኔ አልተሰበረም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

ኪሳቸው ገቡና አወጡት። ከአጥሩ ጋር አጋጩት። አጥሩና እንቁላሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ስድስቱን እንቁላሎቼን አሰብኩ። ታንቲ ምንም አልተናገሩም፣ የእንጨቱን እንቁላል ከነቀለሙ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ጠለቀ፣ ብቅ አለ፣ ማዕበሉን ይዞ ቅርፊቱን አንድ በአንድ እያለፈ ሄደ።

አጎትየው ዓይናቸውን ከወንዙ ሳያነሡ «ተመልከቱት» አሉ፣ «እዚያም አንደኛ ሊወጣ ነው።»